አሮጌ ሬዲዮ፣ ቴፕና ሸክላ ከመሸጥ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ኩታበር፦ ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋማ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች በየቤቱ ጥግ አቧራ የለበሱ የድምፅ መሣሪያዎች ይገኛሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ ዜና ያዳምጥባቸው የነበሩ ሬዲዮዎች፣ በሠርግ ቤት ያገለገሉ ቴፖች፣ በከተማ ቡና ቤቶች ይሽከረከሩ የነበሩ ሸክላዎችና በካርቶን የታጨቁ ካሴቶች ናቸው። የእጅ ስልክ ሥራቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ብዙዎቹ ከቤት የሚወጡት በቆራሌው ጆንያ ወይም በልዋጭ ነጋዴው ሳፋ ነው። ሬዲዮው በብረትነቱ ይመዘናል፤ ካሴቱ ደግሞ ምርቃት ሆኖ አብሮ ይሄዳል።

ይህ አሠራር ባለቤቱን በሁለት መንገድ ይጎዳዋል። አንደኛው፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዕቃ በቁራጭ ብረት ዋጋ መሸጡ ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ ማንም በገንዘብ ሊተካው የማይችል የቤተሰብ ድምፅ ሳይደመጥ መጥፋቱ ነው። በሌላ በኩል አሮጌ የሆነ ሁሉ ውድ ነው ብሎ ማመንም ስሕተት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን ባጣበት በዚህ አካባቢ የተረፈውን ዕቃ ዋጋ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በሬ ሊገዛ የሄደ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ፣ አረማመዱን አይቶ እንደሚገምት ሁሉ የድምፅ ዕቃም የሚታዩ የራሱ ምልክቶች አሉት።

የዕቃዎቹ ዓይነት

በእጅ የሚገኙት ዕቃዎች በአምስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በቫልቭ የሚሠራ ሬዲዮ ነው። ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ ከእንጨት የተሠራና ከባድ ነው፤ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፣ በውስጡ ያሉት አምፖል መሰል የመስታወት ዕቃዎች እስኪሞቁ ይጠብቃል። ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግና ቴሌፉንከን በዚህ ዓይነት ሬዲዮ የታወቁ የአውሮፓ ስሞች ናቸው።

ሁለተኛው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትራንዚስተር ሬዲዮ ነው። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ሬዲዮ እንዲገባ ያደረገው ይኸው ቴክኖሎጂ ነው።

ሦስተኛው የካሴት ቴፕ ነው። ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። ናሽናል፣ ፓናሶኒክ፣ ሳንዮና ሶኒ የተባሉት የጃፓን ምርቶች የዚህ ዘመን ምልክቶች ናቸው።

አራተኛው ክሩ በትልቅ ጎማ መሰል ጥቅል ላይ የሚዞረው ባለጥቅል ቴፕ ነው። ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ የሙዚቃ ቀራጮችና አንዳንድ ተቋማት ይጠቀሙበት ስለነበር በመኖሪያ ቤት ብዙ አይገኝም።

አምስተኛው ሸክላና የሸክላ ማጫወቻ ነው። ጥንታዊው ግራማፎን በእጅ ተጠምዝዞ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል።

ዋጋን የሚወስኑ አምስት ነገሮች

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። በሚሊዮን የተመረተ የፕላስቲክ ሬዲዮ አርባ ዓመት ስለሞላው ውድ አይሆንም።

ብርቅነት፦ በጥቂቱ የተመረተ ወይም ጥቂት ብቻ የተረፈ ዕቃ ይፈለጋል። የእንጨት ሣጥን ያለው የቫልቭ ሬዲዮ፣ የእጅ ግራማፎንና ጥሩ ባለጥቅል ቴፕ ከተራው የካሴት ቴፕ የተሻለ ፈላጊ አላቸው።

ሙሉነት፦ የጣቢያ መፈለጊያው ቁልፍ፣ የጀርባ ክዳኑ፣ አንቴናው፣ የባትሪ ክዳኑና የስም ሰሌዳው ከቦታቸው መኖር አለባቸው። አንድ የጠፋ ቁልፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ተመሳሳዩን ማግኘት ስለሚያስቸግር ገዢው ዋጋ ይቀንስበታል።

ያልተነካካ መሆን፦ ሰብሳቢ የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለምና የፋብሪካውን እንጨት ነው። ለሽያጭ እንዲያምር ተብሎ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ሬዲዮ ዋጋው ይወርዳል።

መሥራት፦ የሚሠራ ዕቃ ከማይሠራው ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ሒሳቡ መሠራት አለበት። ለማስረዳት ያህል፣ ሳይጠገን 1,500 ብር የሚያወጣ ሬዲዮ ተጠግኖ 3,000 ብር ቢሸጥና ጥገናው 2,000 ብር ቢፈጅ፣ ባለቤቱ 500 ብር ከስሯል። እንዲህ ሲሆን እንዳለ መሸጥ ይሻላል።

ታሪክ፦ ዕቃው መቼ፣ ከየት፣ በማን እንደተገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ መመሪያ መጽሐፍ ወይም አብሮት የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ ዋጋውን ያጠናክረዋል። ማስረጃ የሌለው ታሪክ ግን በገበያ ላይ ወሬ ብቻ ነው።

ሸክላ፦ ስሙን ያነበበ ይጠቀማል

ከድምፅ ዕቃዎች ሁሉ የኢትዮጵያ ሸክላ በዓለም ገበያ ሰፊ ፈላጊ አለው። ምክንያቱን ለመረዳት ታሪኩን በአጭሩ ማየት ይገባል።

ከቀደምቶቹ የአማርኛ ቅጂዎች መካከል ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 በጀርመን አገር በነበሩበት ጊዜ ያስቀረጿቸው ይገኛሉ። የዘመናዊው ሙዚቃ ሸክላ የተስፋፋው ግን አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋሙ በኋላ ነው። ድርጅቱ ዓለማየሁ እሸቴን፣ ጌታቸው ካሳንና ሙላቱ አስታጥቄን የመሳሰሉ ድምፃውያንና ሙዚቀኞች ሥራ አሳትሟል። ሥራው ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ሲወጡ ቆመ። ፊሊፕስና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ካይፋ ሪከርድስም በዚያው ዘመን የሚታወቁ አሳታሚዎች ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን አቀዘቀዘ፤ ርካሹ ካሴትም የሸክላን ቦታ ወሰደ። በመሆኑም የኢትዮጵያ ሸክላ የታተመበት ዘመን አጭር፣ የተረፈውም ቁጥር ጥቂት ነው።

የውጭው ዓለም ወደዚህ ሙዚቃ የዞረው ዘግይቶ ነው። የቤልጅጉ ክራምድ ዲስክስ እ.ኤ.አ. በ1986 የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ዳግም አሳተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ ተከታታይ ሥራዎችን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታየው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለብዙ አዲስ አድማጮች አደረሰ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ኅትመቶች የሚያፈላልጉ ሰብሳቢዎች በረከቱ።

ሸክላ በእጁ ያለ ሰው የሚከተሉትን ይመልከት። በመካከሉ ባለው ክብ ወረቀት ላይ የአሳታሚው ስም፣ የዘፋኙ ስምና የተራ ቁጥር ተጽፈው ይገኛሉ፤ እነዚህን መዝግቦ መያዝ ይገባል። የሚሽከረከርበት ፍጥነትም ዘመኑን ይጠቁማል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ጥንታዊና በቀላሉ የሚሰበር ነው፤ 45 የሚዞረው በአብዛኛው ትንሽና በየገጹ አንድ ዘፈን የያዘ ሲሆን፣ 33 የሚዞረው ትልቁ ሸክላ ሙሉ አልበም ይይዛል። ከዚያም ሸክላውን በብርሃን ፊት አዘንብሎ ጭረቱን ማየት ያስፈልጋል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ድምፁን ያቋርጣል፤ ዋጋውንም እጅግ ይቀንሳል። የፋብሪካው የካርቶን ሽፋን ካለ ለብቻው ዋጋ አለው፤ ተቀዶም ቢሆን መጣል የለበትም።

ታዋቂ የውጭ ዘፋኞች በሚሊዮን ያሳተሟቸው ሸክላዎች ግን፣ ምንም ያህል ቢያምሩ፣ ብዙ ጊዜ ርካሽ ናቸው።

ካሴት፦ ከባሕር ዳር የተገኘው ትምህርት

ካሴት ዋጋ የለውም የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ከዚሁ ከአማራ ክልል ተገኝቷል። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የተጫወተውን ሙዚቃ በካሴት አውጥቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህን ካሴት በባሕር ዳር ከተማ አገኘው፤ ባለሙያውን አፈላልጎም በስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር የነበረው ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። በካሴት ክምር ውስጥ የነበረ አንድ ቅጂ የአንድን ሙዚቀኛ ሕይወት ለውጧል።

ይህ ማለት እያንዳንዱ ካሴት ሀብት ነው ማለት አይደለም። በብዛት የተባዛና ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ የዘፈን ካሴት ርካሽ ነው። የሚፈለገው የአሳታሚው የመጀመሪያ ቅጂ፣ ከነሽፋኑና ከነጽሑፉ ሲገኝ ነው። ወሎ የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶች መጠሪያ አገር እንደመሆኑ፣ የአካባቢው ባለሙያዎች የተጫወቷቸው ቆየት ያሉ ካሴቶች ሳይደመጡ መሸጥ የለባቸውም።

ከማንኛውም ሽያጭ በፊት፦ የቤተሰብ ድምፅ

በቤት ውስጥ ከተቀረጹት ካሴቶች መካከል የሠርግ ዘፈን፣ መንዙማ፣ ቀረርቶና ፉከራ፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ የለቅሶ ግጥም ይገኛሉ። ስልክ ባልተስፋፋበት ዘመን ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው እንደ ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ ወላጆችም በዚያው መልክ ይመልሱ ነበር። የእነዚህ ካሴቶች የገበያ ዋጋ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ለቤተሰቡ ግን የሞተ አባት ወይም እናት ድምፅ የሚሰማበት ብቸኛ ቦታ ናቸው። ስለዚህ ቴፑ ከመሸጡ በፊት በውስጡ የቀረውን ካሴት ማውጣት፣ በካርቶን ያሉትንም አንድ በአንድ ማዳመጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማጫወቻውን ቀድሞ የሸጠ ሰው ካሴቱን በምን ያዳምጠዋል?

ድምፁን ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል።

1. በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች መስበር። ይህ ሲደረግ በስሕተት በላዩ ላይ መቅረጽ አይቻልም።

2. ክሩን በመስኮቱ በኩል ማየት። ነጭ ሻጋታ ከታየ ማጫወት አይገባም፤ ሻጋታው ማጫወቻውንና ሌሎቹን ካሴቶች ያበላሻል። እንዲህ ያለውን ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

3. በመጀመሪያ የማይፈለግ ካሴት በማጫወት ቴፑ ክር እንደማይበላ ማረጋገጥ። ክሩን የሚያነብበውን ሄድ በንጹሕ ጥጥና በአልኮል መጥረግ።

4. ለረጅም ጊዜ የተቀመጠውን ካሴት ከማጫወት በፊት እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መመለስ።

5. ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝቶ መቅዳት። ገመድ ካልተገኘ ጸጥ ባለ ክፍል ስልክን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አድርጎ መቅረጽ ይቻላል። ጥራቱ ቢቀንስም ድምፁ ይተርፋል።

6. የተቀዳውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን መጻፍ። ድምፁን የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምርመራና ጽዳት፦ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ

ለዓመታት የተዘጋ የቫልቭ ሬዲዮ በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም። በውስጡ ያረጁት ካፓሲተሮች ሊፈነዱ ወይም እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ክዳኑን መክፈት የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። ቮልቱንም ማየት ያስፈልጋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች 110 ቮልት የሚፈልጉ ስለሆኑ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላሉ።

በትራንዚስተር ሬዲዮና በቴፕ ውስጥ የቀረ የባትሪ ድንጋይ ፈሶ ብረቱን ይበላል። ድንጋዩን አውጥቶ፣ ዝገቱን ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጠርጎ ማድረቅ ይቻላል። ፈሳሹ ወደ ውስጠኛው ክፍል መንጠባጠብ የለበትም። ቴፑ ድምፅ እያለው ክሩን የማያዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሞተው ሞተሩ አይደለም፤ የላላ ወይም የቀለጠ የላስቲክ ቀበቶ ነው። ይህ ቀላል ጥገና በመሆኑ «ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ እንዳይሸጥ ጠጋኝን ማማከር ይገባል።

ሸክላን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጽዳት አጥፊ ነው። አልኮልም ባለ 78 ዙሩን ጥንታዊ ሸክላ ያሟሟዋል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ በክቡ አቅጣጫ፣ መካከለኛውን ወረቀት ሳይነካ ይበቃል።

ዋጋ መጠየቅና ገበያ መምረጥ

ዋጋን ከአንድ ሰው ብቻ መስማት አይበቃም። በኩታበር ያለ ሰው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በደሴ፣ በመካነ ሰላም ያለ ደግሞ በከተማው ካሉ የሬዲዮ ጠጋኞች ቢያንስ ከሦስቱ መጠየቅ ይችላል። ጠያቂው ዕቃውን ተሸክሞ ከመሄድ ይልቅ የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የስም ሰሌዳውንና የጉዳቱን ፎቶግራፍ በስልክ ይዞ ቢሄድ ለድርድር ነጻ ይሆናል።

ኢንተርኔት የሚጠቀም ወጣት በቤት ካለ ዲስኮግስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሸክላውንና የካሴቱን የተራ ቁጥር መፈለግ ይችላል። እዚያ መታየት ያለበት ሻጮች የጠየቁት ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ከዚያም ላይ የመላኪያው፣ የደላላውና የማሸጊያው ወጪ ይቀነሳል። የውጭውን ዋጋ ኩታበር ላይ መጠበቅ አይገባም፤ ግማሹንም ሳያገኙ መሸጥ ግን ዕውቀት ማነስ ነው።

በአዲስ አበባ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃና መለዋወጫ ይገበያያል፤ በቸርችል ጎዳና አካባቢ ያሉ የስጦታና የቅርስ ሱቆች ደግሞ ለጌጥ የሚሆኑ ሬዲዮዎችንና ግራማፎኖችን የሚፈልጉ ደንበኞች አሏቸው። የማይሠራውም ቢሆን ለጌጥ ወይም ለመለዋወጫ ይሸጣል።

ጊዜም ዋጋ ነው። በክረምት፣ ጎተራ በጎደለበትና የማዳበሪያ ገንዘብ በሚፈለግበት ወቅት የሚሸጥ ዕቃ የገዢውን ዋጋ ይከተላል። እህል ከገባ በኋላ የሚሸጥ ሰው ግን «አይሆንም» ለማለት አቅም አለው። ሸክላና ካሴት በጅምላ ከመሸጥ ይልቅ ለይቶ መሸጥ ይሻላል፤ በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ የሚፈልገው አንዷን ሊሆን ይችላልና።

ከማጭበርበር መጠበቅ

በአሮጌ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን ወይም የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል እጅግ ውድ ነገር አለ የሚል ወሬ በብዙ አገሮች ሰውን አታሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ ይኸው ወሬ የሲንገር መኪኖችን ዋጋ ከልክ በላይ አንሮት ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ተናግሯል። ስለዚህ «በሚሊዮን እገዛለሁ፣ ለመመርመሪያ ግን ቅድሚያ ገንዘብ አምጣ» የሚል ሰው ሲመጣ ድርድሩን አቁሞ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ዕቃውን «ለማሳየት» ወስዶ የሚቀር ደላላም አለ። ዕቃ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ መግባቱ በባንክ ይረጋገጥ፤ የደረሰ የስልክ መልእክት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ የዕቃው መለያ ቁጥርና የገዢው መታወቂያ የሰፈረበት አጭር ውል በምስክሮች ፊት ይፈረም። ውሉ ዕቃው የተሰረቀ አለመሆኑን ለማሳየት ለገዢውም ይጠቅማል።

ሕጉ ምን ይላል?

በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ ወይም በማኅበር ቢሮ የተቀመጠ አሮጌ ሬዲዮና ቴፕ የሕዝብ ወይም የማኅበሩ ንብረት ነው። የሚወገደው በአሠራሩ መሠረት እንጂ በኃላፊ ፈቃድ ብቻ አይደለም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዓዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እያንዳንዱ አሮጌ ሬዲዮ ቅርስ ነው ማለት አይደለም። ታሪካዊ ቅጂ ወይም ብርቅ ግራማፎን ለውጭ ገዢ ከመሸጡ በፊት ግን የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቅጂ መብት ነው። ሸክላ ወይም ካሴት የገዛ ሰው ዕቃውን መልሶ መሸጥ ይችላል፤ በውስጡ ያለውን ዘፈን አባዝቶ መሸጥ ግን በዓዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለሙያውና የአሳታሚው መብት ነው።

ላልተሸጠው ዕቃ

ዋጋው ያልተስማማ ዕቃ በጥሩ ሁኔታ ከተቀመጠ አይከስርም። ጭስና ሙቀት ከሚወጣበት ቆጥ፣ እርጥበት ካለው ወለልና ከፀሐይ መራቅ አለበት። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ተደራርቦ ከተኛ ይጎብጣል። ካሴት ማግኔት ካለው የድምፅ ማጉያ ይርቃል። የባትሪ ድንጋይ ሁልጊዜ ይወጣል።

በቅድሚያ ማዳመጥና መቅዳት፣ ቀጥሎ መመዝገብና ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከዚያ ከሦስት ሰው ዋጋ መጠየቅ፣ በመጨረሻም በውል መሸጥ ይመከራል። ቆራሌው በሚቀጥለው ሳምንትም ያልፋል፤ ሳይቀዳ የተሸጠ ድምፅ ግን አይመለስም።